የተሰበረውን ዕቃ እንተካለን

እህቴ፣

በግራ እጄ ስለምጽፍ ፊደሌ ቢንጋደድ አትፍረጂብኝ። ቀኝ እጄን ባሌ፣ ያ ወንድምሽ፣ ትናንት በር መሃል አስገብቶ ሦስቴ ድርግም አድርጎ ዘጋበት። አጥንቱ ቋ ሲል ሰምተሻል፤ ቀይ እስክሪብቶሽን ይዘሽ እዚያው ቆመሽ ነበር።

ከቤት ስወጣ የምድጃውን ጋዝ ዘግቼዋለሁ።
የዘጠነኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ናቸው። ከላይ ባሉት ላይ ያለው ቀይ ሁሉ የእርማት አይደለም። ልጆቹ ሳያዩት በንጹሕ ወረቀት ገልብጪላቸው።

ጠዋት በክፍሌ በር ሥር የገባውን የወንድምሽን ይቅርታ አነበብኩት። ያውም በእንግሊዝኛ! «ዲር ማዳም» ይለኛል፣ የበላበትን ሳህን እንኳ አንስቶ የማያውቅ ሰው። ወረድ ብሎ ደግሞ «የተሰበረውን ዕቃ በአስቸኳይ እንተካለን» ይላል። ሱቅ ለደንበኛ እንዴት ይቅርታ እንደሚጠይቅ ለልጆቹ ልናሳይ አብረን ያዘጋጀነው ናሙና እኮ ነው! ሰጥተሽ አስገለበጥሽው። ለወዳጅ የሚጻፈው ናሙና ከሥሩ ነበር። እሱን እንኳ አልመረጥሽልኝም።

የሰዋስው ስህተት የለውም። ግን የተገለበጠ ሥራ ዜሮ ነው፤ ሕጉን ያወጣሽው አንቺ ነሽ። ዜሮውን ጽፌበት፣ ይዤው ፖሊስ ጣቢያ ሄጃለሁ። «ማን አየ?» ሲሉኝ አንቺን እጠራለሁ። የሥጋ ነገር ሆኖብሽ ዝም አልሽ። «ዝም አይነቅዝም» ይሉ የለ? ያንቺው ነቅዟል።

እኔ ደብዳቤ አልፈለግኩም። ያለ ቀን፣ ያለ አድራሻ፣ በሩ ሁለተኛ ከመዘጋቱ በፊት «ተው!» ብትዪው ይበቃኝ ነበር።