ሱሪ የተባለችው ጀልባ

ሐረር፣ መስከረም 1973 ዓ.ም.

ይድረስ ለምሳሳልዎት እናቴ፤
ጅዳ

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናዎ እንዴት ነው? ደም ብዛቱስ ተወት አደረገዎት? ሙቀቱ ዘንድሮ እንዳምናው አላስቸገረዎትም? የሰዐዲያ ልጆች ያስቸግሩዎታል ወይስ ያጫውቱዎታል? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። «ከናፍቆትዎ በቀር የጎደለኝ ነገር የለም» ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ሁልጊዜ እንደዚያ ብዬ ነውና የምጽፈው። ዛሬ ግን ትቼዋለሁ።

እህቴ ሰዐዲያ፣ ይህን ወደ ቤታችን ቋንቋ እየመለስሽ ስታነቢላቸው እንደ ልማድሽ የከበደሽን እየዘለልሽ አትለፊ። መጀመሪያ አስቀምጫቸው፤ ውሃም አጠገባቸው ይሁን። ከዚያ ሁሉንም አንብቢላቸው።

እናቴ፣ ደጋግመው «ቁመትህን በሙሉ የሚያሳይ ፎቶ ላክልኝ» ብለውኛል። እኔም ደጋግሜ እስከ ደረቴ ድረስ የሚያሳየውን፣ ለመታወቂያ የሚነሱትን ዓይነት ላክሁልዎ። ለሐጅ ሲነሱ፣ ጅዳ ሰዐዲያ ዘንድ እንደሚቀሩ ሳናውቅ፣ እኔ ፈቃድ ወጥቼ፣ የባሕር ኃይል ነጭ ልብሴን ለብሼ ሸዋ በር ድረስ ሸኝቼዎት ነበር። መኪናው ሊነሳ ሲል ግንባሬን ስመው «ሙሉ አድርጌ ነው ለአላህ ዐደራ የሰጠሁህ፤ ሙሉ ሆነህ ጠብቀኝ» አሉኝ። ያቺ ቃል ናት እስከ ዛሬ እጄን የያዘችው። ከዚያ ወዲያ ምጽዋ ላይ ምን እንደሆነ በደብዳቤ አይጻፍም፣ ያውቁታል። የሆነው ሆኖ ዛሬ ልነግርዎ ተቀምጫለሁ። ግን እጄ ዳር ዳር ስለሚል መጀመሪያ ስለ ውድድሩ ላጫውትዎ።

ለአብዮቱ በዓል የከተማው ስፖርት ኮሚቴ ታይቶ የማይታወቅ ውድድር አወጣ። ከየቀበሌው ሦስት ሦስት ሰው ይመረጣል። ሦስቱም ባለሸራ ጀልባ ላይ ሆነው ዓለማያ ሐይቅን ይሻገራሉ። ከዚያ አንደኛው በአወዳይ አድርጎ እስከ ከተማው ድረስ ይሮጣል፤ ሁለቱን መኪና ያመጣቸውና ሐኪም ጋራ ሥር ይገናኛሉ። ጋራውን ግን ሦስቱም አብረው በእግራቸው ይወጡታል። ቡድኑ ደረሰ የሚባለው የመጨረሻው ሰው ጫፍ ሲደርስ ነው። ይህን ያሰበው ሰው ሐይቅ ተሻግሮ ጋራም ወጥቶ የሚያውቅ አይመስለኝም።

ነገሩን እቤቴ ድረስ ያመጣብኝ ዐብዱልመሊክ ነው፤ የጎረቤታችን ልጅ፣ እርስዎ ዘንድ እየዋለ መርፌ መያዝ የተማረው። አሁን መኪና ግርግር ላይ፣ ልብስ ሰፊዎቹ ባሉበት መንገድ፣ የራሱን የስፌት መኪና አቁሟል፤ ምላሱም ከመኪናው እኩል ይሠራል። «ከሰፈሩ ባሕር የሚያውቅ አንድ ሰው አለ፤ እሱም ቤቱ ተቀምጦ ዝንብ ይቆጥራል» ብሎ ገባብኝ። እውነቱን ነው። ከተመለስኩ ወዲህ ከመስጊድ ሌላ የምሄድበት አልነበረኝም።

ሯጩን ከሶፊ መንደር አመጣው። ሙሜ ይባላል፤ ከተማ ሲያድር የሚያድረው ዐብዱልመሊክ ቤት ስለሆነ የኛ ሰው ነው ተብሎ ተመዘገበ። የሙሜ ሥራ ጫት ማድረስ ነው። የጠወለገ ጫት ማን ይገዛል? ስለዚህ ማለዳ የተቆረጠውን ተሸክሞ ከሶፊ እስከ ገበያው ሳይቆም ይሮጣል። ቀስ ብሎ መሄድ የሚባል ነገር ያስተማረው ሰው የለም፤ መስጊድ ሲገባ እንኳ ጫማውን እየሮጠ ነው የሚያወልቀው።

ለሸራው ቀበሌው አቡጀዲ ሰጠን። እኔ እንዴት እንደሚሰፋ ለዐብዱልመሊክ ወረቀት ላይ ሣልኩለት፤ «ገብቶኛል፣ አትጨቅጭቀኝ» ብሎ ይዞት ሄደ። ሲያመጣው፣ እናቴ ይሙቱ፣ ከላይ በኩል እንደ ሴቶቻችን ሱሪ ወገብ ክር ማስገቢያ ሰፍቶበታል! ዕድሜውን ሙሉ የሰፋው ሱሪ ነውና እጁ ወደሚያውቀው ሄደበት። እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁበት። ኋላ ግን አግዳሚውን እንጨት በዚያው ብናሾልከው ልክክ አለ። ዳር ዳሩን ደግሞ ሁለት ጊዜ አጥፎ ዘምዝሞታል። ለምን ደከምክ ብዬ ብጠይቀው፣ «እናትህ ያልተዘመዘመ ጨርቅ ከቤት ሲወጣ ቢያዩ ጣቴን በመቀስ ጀርባ ይሉኝ ነበር» አለኝ። ልጆቹ ሸራውን እንዳዩ ጀልባችንን «ሱሪ» አሏት፤ በዚያው ስሟ ሆኖ ቀረ።

የምዝገባው ዕለት የኮሚቴው ሰው ጓድ እንደሻው ከላይ እስከ ታች አየኝና ጋራውን ይህ ሰው እንዴት ሊወጣው ነው ሲል ጠየቀ። ክፋት አልነበረበትም፤ እንዲያውም አፍሮ ነው የጠየቀው። ዐብዱልመሊክ ግን ቱግ አለ። «ለጀልባው የሚያስፈልገው እጅ ነው፤ ያንን ከሁላችንም የተሻለ አለው። ለጋራው የጎደለውን እግር እኔና ሙሜ እናዋጣለን። በመካከላችን አራት አለን፤ ይበቃል» አለው። ጓድ እንደሻው ስሜን ጻፈ።

እናቴ፣ ይህችን የዐብዱልመሊክን ቃል ሳላስበው ጻፍኳት። ልሰርዛት ብዬ ብዕሬን አነሳሁና ተውኳት። ሰዐዲያ ካነበበችልዎት ለጊዜው ምንም አይበሉኝ፤ ወደ ሐይቁ እንሂድ።

ዓለማያ የክረምቱን ዝናብ ጠጥቶ እስከ አፉ ሞልቷል። የውሃውን ሽታ በረጅሙ ሳብሁት። ምርኩዜን ወደ መኪናው ላክሁና ዐብዱልመሊክ አዝሎ ከኋላ፣ ከመሪው አጠገብ አስቀመጠኝ። ቀና ብዬ ሳይ የሁሉም ቀበሌ ሰው ጀልባው ላይ ቁጭ ብሏል። ለካ ጀልባ ላይ ሰው ሁሉ ተቀምጦ ነው! ምጽዋ በነበርኩ ጊዜ ይህን ልብ ብዬው አላውቅም። ያን ቀን ገና ፉጨቱ ሳይነፋ ደስ ብሎኝ ነበር።

የሌሎቹን ነገር ቢያዩ ኖሮ! አንዱ ቀበሌ የአልጋ ልብስ ሰቅሎ በቦታው ላይ ሲሽከረከር ዋለ። ሌላው ሸራውን ለነፋሱ ለቀቀና ተመልካቹ ወዳለበት ዳርቻ ተመልሶ መጣ። የኛ ሱሪ ግን ነፋሱን በጎን ስትይዝ ወገቧ ተነፍቶ ቀጥ ብላ ሄደች። ገመዱ እጄ ውስጥ ሲወጠር መላ ሰውነቴ አስታወሰው። ዐብዱልመሊክ ያ ሁሉ ምላሱ ጠፍቶ ምሰሶውን አቅፎ «ላ ኢላሀ ኢለላህ» እያለ ሸሃዳ ሲያደርግ፣ ሙሜ ደግሞ ከታች ተኝቶ ዓይኑን በሽርጡ ሸፍኖ ደረስን ወይ እያለ ሲጠይቀኝ ነበር። ደረስን፤ ከሁሉም ቀድመን። ሙሜ መሬት ሲረግጥ እንደ ጫት ቀኑ ተፈተለከ።

እኛን መኪናው ይዞን ሲመጣ ሸዋ በር ሰው በሰው ሆኖ እልልታው ይቀልጥ ነበር። ሐኪም ጋራ ሥር ደርሰን ብዙም ሳንቆይ ሙሜ መጣ፤ ከኋላው አቧራ እንኳ አይታይም። እስከዚህ ድረስ ዋንጫው የኛ ነበር፣ እናቴ።

ከዚያ ጋራው ተጀመረ። ዝናብ ያጠበው ድንጋይ ምርኩዝ አይቀበልም። ቁልቋሉን አልፈን ብዙ ሳንሄድ የመጀመሪያው ቡድን አለፈን፤ ቀጥሎ ሌላው። እናንተ ሂዱ እንዳልላቸው ሕጉ አይፈቅድም፤ ቢፈቅድም አይሰሙኝም ነበር። ቀስ ብሎ መሄድ የማያውቀው ሙሜ ከፊቴ እየሄደ የላላውን ድንጋይ በእግሩ እየጠረገ መንገድ ያወጣልኛል። ዐብዱልመሊክ ከኋላዬ ሆኖ እንዳልወድቅ እጁን ዘርግቶ፣ ጋራውንም ኮሚቴውንም እየረገመ ይከተለኛል። አንድ ቦታ ላይ ቁጭ ብዬ በቃኝ አልኩ። ሙሜም አጠገቤ ቁጭ አለና፣ ጫት ሲሆን ይጠወልጋል ብዬ እሮጣለሁ፣ አንተ አትጠወልግም፣ ምን አስቸኮለን አለኝ። ትንሽ ቆይተን ተነሣን።

ስንደርስ ዋንጫው ተሰጥቶ፣ ሰዉ መውረድ ጀምሮ ነበር። የቀደምነው ያንን የአልጋ ልብስ የሰቀለውን ቀበሌ ብቻ ነው፤ እሱ ገና ሐይቁ ላይ ነበር። ጓድ እንደሻው ግን ሲያየን የተጠቀለለውን የመድረሻ ጥብጣብ ፈታና ሁለት ሰው ጠርቶ እንደ አዲስ አስወጠረው። በደረቴ በጠስኩት። ከዚያ ወደ ታች የከተማውን ግንብ አየሁ፤ በዚያ ሁሉ ነጭ ግድግዳ መካከል ቤታችንን ፈልጌ አገኘሁት። ለእናቴ እነግራለሁ ያልኩት ያኔ ነው። እዚያ ላይ ሆኖ ሲያስቡት ቀላል ነበር።

አሁን ግን ወረቀቱ ፊቴ ተዘርግቶ ቃሉ እምቢ አለኝ። ነገ ኢንሻአላህ እቀጥላለሁ።

*

እናቴ፣ ነገ ያልኩት ሳምንት ሆነ። በዚህ መካከል ሐጂ ዩሱፍ ከጅዳ ገብተው የላኩልኝን ጥቅል አደረሱኝ። አላህ ይስጥልኝ። ቴምሩ ጣፋጭ ነው፤ ዐብዱልመሊክ ግማሹን ፈጅቶታል። ከጥቅሉ ውስጥ ሱሪውን ያወጣሁት እሱ ባለበት ነው። ግራጫ፣ የክረምት ጨርቅ፣ የእጅዎ ስፌት። ዐብዱልመሊክ ወደ ብርሃን አውጥቶ ገለባበጠው። የግራው እግር በዚያ በሚያውቀው ደቃቅ ስፌት ተዘምዝሟል። የቀኙ ግን ጫፉ እንደተቆረጠ፣ ሳይዘመዘም ነው፤ ነጭ ክር የያዘች መርፌ ተሰክታበታለች።

ዐብዱልመሊክ፣ መንገደኛው ቸኩሎባቸው ሳይጨርሱት ቀርተው ይሆናል ሊል ጀመረና አፉ ላይ ቀረ። ጣቱን በመቀስ የተመታ ሰው ነው፤ እርስዎ ያልተዘመዘመ ነገር ከቤት እንደማያወጡ ያውቃል። መርፌዋን ሳይነቅል ሱሪውን አጣጥፎ አስቀመጠልኝ።

እሱ ከሄደ በኋላ የላክሁልዎትን ፎቶዎች ቅጂ አውጥቼ ጎን ለጎን ደረደርኳቸው። በሁሉም ላይ ቀኝ ትከሻዬ ከፍ ብሏል። ምርኩዙ ነው ያነሳው። እኔ ልብ አላልኩትም፤ ፎቶ አንሺውም አላለም። እርስዎ ግን ሙሽራ ከደጅ ስትገባ አይተው ሜትር ሳያነሱ ልኳን የሚናገሩ፣ «ትከሻ ሚስጥር አይችልም» የሚሉ ሴት ነዎት። ይህን እንዴት ረሳሁት?

ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያውቁት? ከመጀመሪያው ፎቶ? ታዲያ በየደብዳቤው «ብርድ እንዳይመታህ፣ ጋራ ጋራውን አትሂድ» ሲሉኝ ሁሉ እያወቁ ነበር? እኔና ሰዐዲያ ደም ብዛቱ ይነሳባቸዋል ብለን ስንጠነቀቅልዎ፣ ለካ የሚጠነቀቁልን እርስዎ ኖረዋል። ሙሉ ቁመትህን አሳየኝ ያሉኝም ቁመቴን ሊያዩ አልነበረም። እንባዬ ወረቀቱን እንዳያበላሸው ትንሽ ቆም አልኩ፤ አሁን ደህና ነኝ።

ከሩቅ ሆነው ያላወቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የት ላይ እንደሚቆም። እሱን እኔ እንድነግርዎ ተዉልኝ። እንግዲህ በማግስቱ ዐብዱልመሊክ በርስዎ መርፌ፣ በርስዎ ክር ዘመዘመው፤ ጉልበቴ ሥር ተንበርክኮ። ከጉልበት በታች ነው፣ እናቴ። ጉልበቴ በደህና አለ።

ያንኑ ዕለት ሱሪውን ለብሼ ሸዋ በር ወዳለው ፎቶ ቤት ሄድኩ። ፎቶ አንሺው ለምዶኛልና ወንበር ሰጥቶኝ እስከ ደረቴ ሊያነሳኝ ካሜራውን አስጠጋ። ወንበሩን ገፋሁለትና ተነሥቼ ቆምኩ። «ወደ ኋላ ሂድልኝ፤ ዛሬ እስከ መሬት ነው የምታነሳኝ» አልኩት።

ፎቶው ከዚህ ደብዳቤ ጋር አለልዎት። ሰዐዲያ ቀድማ አትየው፤ እርስዎ ይዩት። ሱሪው በሁለቱም በኩል ልክ ነው።

አላህ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፤ ለዓይነ ሥጋ ያብቃን። ዐብዱልመሊክ እጅዎን ይስማል። ሙሜም ሳያውቅዎት ሰላም ይልዎታል፤ ሲመጡ ከአውቶቡሱ እስከ ቤት ሻንጣዎን የሚሸከመው እሱ ነው፤ እንዳይሮጥ እኔ እይዘዋለሁ።

ዐደራ የሰጡት፣ እየጠበቀዎት ያለው
ልጅዎ

መርፌዎን ከነተረፈው ክር አስቀምጬልዎታለሁ።