ስለ ባለቤቴ «ይቅርብኝ»፦ ለከተማችን ምክር ቤት

ኖቬምበር 1997

ለተከበሩ የከተማችን ከንቲባና ለተከበራችሁ የምክር ቤት አባላት፤

ጤናችሁ እንደምን ሰንብቷል? ቤተሰቦቻችሁስ? ወንበሮቻችሁስ? ባለፈው ወር የተገዙት የቆዳ ወንበሮች ለወገብ እጅግ ይስማማሉ ሲባል ሰምቼ ከልቤ ደስ ብሎኛል። እኔ ደህና ነኝ። ለአንድ ዓመት አብሯችሁ የተቀመጠው ባለቤቴ አቶ ጥዑመልሳንም፣ ስለ እናንተ ክፉ እንዳልናገር ጠዋትና ማታ ከማስጠንቀቁ በቀር፣ ደህና ነው። ስለዚህ ክፉ አልናገርም፤ የጻፍኩት ላመሰግናችሁ ነው።

በአማርኛ መጻፌን ይቅር በሉኝ። እንግሊዝኛዬን የተማርኩት በምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ስለሆነ፣ በዚያ ቋንቋ ልጻፍላችሁ ብል ቀና በሉ፣ ክኒናችሁን ዋጡ ከማለት አላልፍም። ይህ የማኅበረሰባችን ጋዜጣ እጃችሁ ከገባ በዚህ በአሜሪካ አካባቢያችን ካሉት ከተሞች፣ ከጋርላንድ እስከ ካሮልተን፣ ተርጓሚ አታጡም። ለተርጓሚው ግን ክፈሉት፤ አይ ግዴለም ቢላችሁም ክፈሉት።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ባለፈው ዓመት በሜይ ወር፣ እኛ የምንኖርበት፣ ከዳር እስከ ዳር አፓርትመንት የሆነው ቀጠና፣ የኤርፖርት ታክሲ ሹፌር የሆነውን ባለቤቴን ለምክር ቤቱ መረጠ። የመረጡት ስለ አንድ ነገር ነው። ልጆቻችን ትምህርት ቤት ለመድረስ መኪና እንደ ጎርፍ የሚወርድበትን ሰፊ መንገድ ያቋርጣሉ፤ እዚያ የትራፊክ መብራት አስተክላለሁ ብሎ ነበር። በዚያው ቀን መራጩ ሌላም ነገር ወሰነ፤ እስከዚያ ድረስ በነፃ ሲያገለግሉ የኖሩት የምክር ቤት አባላት ከእንግዲህ ወርኃዊ ደመወዝ ይቆረጥላቸው አለ። ለምን ቢባል፣ ሀብታም ብቻ ሳይሆን ሠርቶ አዳሪም በዚያ ወንበር መቀመጥ እንዲችል ነው። እንዲህ የሚል ወረቀት በየበራችን ሥር ሲያስገቡ አንብበናል።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፦ በጁላይ ስብሰባ ላይ ለባለቤቴ ቅድሚያ ስለሰጣችሁት አመሰግናለሁ። የደመወዙ ደንብ ከጸደቀ በኋላ እያንዳንዱ አባል እቀበላለሁ ወይም አልቀበልም ብሎ በሕዝብ ፊት ይናገር ሲባል፣ የጥርስ ሐኪሙም፣ የመሬት ነጋዴውም፣ ጡረታ የወጡት የኢንሹራንስ ሰውም አቀርቅረው ወረቀታቸውን ሲያገላብጡ፣ እኔ ከሕዝቡ መቀመጫ ሆኜ አያችሁ ነበር። ያን ጊዜ የተከበሩ ከንቲባ፣ እስቲ አዲሱ አባላችን ይጀምሩልን አሉ። ከእናንተ ማንም ተነሥቶ አይናገርም፤ ባለቤቴ ግን ተነሣ። «አመሰግናለሁ፤ ለኔ ይቅርብኝ። ሕዝቡ መርጦኛል፣ እሱ ይበቃኛል» አለ።

እዚህ ላይ ስለ አገራችን ሰው አንድ ነገር እንድነግራችሁ ፍቀዱልኝ። እኛ ዘንድ ጨዋ ሰው የቀረበለትን ነገር ወዲያው እሺ አይልም፤ ይግደረደራል። ሆዱ በረሃብ እየጮኸ «አሁን ነው የበላሁ» ይላል። ጋባዡም ይህንን ስለሚያውቅ «በሞቴ» ይለዋል፤ እንግዳው ዳግመኛ እንቢ ይላል፤ ጋባዡ ደግሞ ይቆጣል፣ ይለምናል፣ እጁን ይዞ ወደ ማዕዱ ይጎትተዋል፤ በመጨረሻም ሁለቱም ክብራቸው ሳይጎድል አብረው ይበላሉ። በመጀመሪያው እንቢታ ማዕዱን የሚያነሣ ጋባዥ ቢኖር፣ ንፉግነቱ ለልጅ ልጅ ይወራል። ባለቤቴ ወልድያ ያደገ ሰው ነው። ያን ቀን ከእናንተ አንዳችሁ፣ ኧረ አይሆንም፣ ደንቡ የወጣው ለእርስዎ ዓይነት ሰው ነው እኮ እስክትሉት ይጠብቅ ነበር።

እናንተ ግን አጨበጨባችሁ። ጭብጨባው ሲያልቅም አልተቀመጠም፤ ልመናው ገና የሚጀመር መስሎት እንደቆመ ቀረ። የቀጠለው የጥርስ ሐኪሙ ተራ ነበር። እሳቸውም፣ ከእሳቸው በኋላ የተናገራችሁትም ሁሉ፣ የሕዝብን ውሳኔ ላለመናቅ ስትሉ ቅር እያላችሁ ደመወዙን መቀበላችሁን ገለጻችሁ። ባለቤቴ ቀስ ብሎ ሲቀመጥ አየሁት። ያን አቀማመጡን እስከምሞት አልረሳውም።

ሁለተኛ፦ በማግስቱ «አልቀበልም» የሚለውን ወረቀት ሳይውል ሳያድር አዘጋጅታችሁ ስላስፈረማችሁት፣ የከተማው ጋዜጣም ፎቶውን እንዲያወጣ ስላደረጋችሁ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ፎቶውን ቆርጠን ፍሪጃችን ላይ ለጥፈነው ነበር። ፍሪጁ ውስጥ ስለነበረው ባልናገር ይሻላል።

ሦስተኛ፦ ስለ ስብሰባ ሰዓታችሁ። የገዛ ክሊኒኩን ዘግቶ ለሚመጣ ሰው ከቀትር በኋላ እጅግ ምቹ ሰዓት መሆኑን እረዳለሁ። ታክሲ ግን የኩባንያ ነው፤ ነዱትም አቆሙትም ኪራዩ ይከፈላል። ባለቤቴ ደግሞ፣ ታክሲው ከማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት ባይቆም ደስ ይለናል ስለተባለ፣ ከቆሻሻ ገንዳዎቹ አጠገብ አቁሞት ይገባ ነበር። ተሳፋሪ በሚበዛበት ሰዓት እሱ ስለ መናፈሻ ሣር አጨዳ ውይይት ያዳምጣል። ኤርፖርት ወረፋ ላይ አብሮት የሚውለው አባተ፣ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እያለ ይቀልድበት ነበር። መጀመሪያ ላይ ባለቤቴም አብሮ ይስቅ ነበር፤ ከገና ወዲህ ግን መሳቁን ተወ።

አራተኛ ልበል ወይስ አሁንም ሦስተኛ ላይ ነኝ? ብቻ ይኸኛው እስካሁን ያንገበግበኛል። የቤት ኪራዩ መወዘፍ ሲጀምር፣ ሂድና ሐሳቤን ለውጫለሁ በላቸው አልኩት። ከአፌ የወጣ ቃል ነው እያለ የብርዱን ወራት በሙሉ ተከራከረኝ። ማርች ላይ ከረባቱን አስሮ ሄደ። እናንተ ፊት ቆሞ ገንዘብ መጠየቅ ለእሱ ምን ማለት እንደነበረ ልታውቁ አትችሉም፤ አልፈርድባችሁም። የከተማው ጠበቃ፣ የፈረመው ወረቀት እስከ ሥራ ዘመኑ ማብቂያ የሚጸና መሆኑን፣ ነገር ግን ምክር ቤቱ ድምፅ ከሰጠበት ሊሻር እንደሚችል አስረዱት። አንድ ሰው ሐሳብ ማቅረብ፣ ሌላው መደገፍ ብቻ ነበር የቀረው። በዚያች ቅጽበት የተከበሩ ከንቲባ እጅዎን ትከሻው ላይ አሳርፈው፣ «ይህን የመሰለ መሥዋዕትነትዎን ልንነጥቅዎት አንፈልግም» አሉት። ቤት ገብቶ ሲነግረኝ ቃሉን ጥቂት አሰላሰለና ሰውየው በክፋት የተናገረው አይመስለኝም አለኝ።

በኦገስት፣ ወይ ወንበሩ ወይ ታክሲው ሆነ። ልጃችንን ልዩን የሚያበላት ታክሲው ስለሆነ ወንበሩን ተወ። የመልቀቂያ ንግግሩ ላይ እያንዳንዳችሁን በስም እየጠራ ማመስገኑን ታስታውሳላችሁ ብዬ አምናለሁ። የማታውቁት ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው። አፓርትመንታችን ፓርኪንግ ደርሶ ሞተሩን አጥፍቶ ከመኪናው ሳይወርድ ቀረ። በመስኮት አይቼው ወረድኩና አጠገቡ ገባሁ። ያለቅስ ነበር። ሱዳን በረሃ ላይ፣ ወንድሙን በቀበርንበት ቀን እንኳ እንባውን ያላሳየኝ ሰው ነው። «ሰዎቹን ምን ብዬ ነው የማያቸው?» አለኝ። የመረጡትን ጎረቤቶቻችንን ማለቱ ነበር። እኔም አብሬው አለቀስኩ።

መፍራቱም ልክ ነበር። በሴፕቴምበር ስብሰባ የመብራቱ ጉዳይ ተነበበ፤ ከእናንተ አንዱ፣ እግዚአብሔር ይስጠው፣ ሐሳቡን አቀረበ፤ የሚደግፈው ሁለተኛ ሰው ስለታጣ ጉዳዩ ወደቀ። የእኛ ወንበር እስከ መጪው ሜይ ባዶ እንዲቆይም ወስናችኋል። ስለዚህ አሁን ጠዋት ጠዋት ጎረቤታችን እማማ ትርንጎ ከመንገዱ ዳር ቆመው ከዘራቸውን ወደ መኪናዎቹ ዘርግተው ያስቆሙና ልጆቹን ያሻግራሉ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል። እሳቸውም የሚሠሩት ያለ ደመወዝ ነው።

የተከበራችሁ አባላት፣ ከደመወዛችሁ አንዲት ሳንቲም ይቀነስ አልልም። ሥራ የሠራ ደመወዝ ይገባዋል፤ ሕዝቡ የወሰነውም ይህንኑ ነው። ልቤን የሰበረው ገንዘቡ አይደለም። ባለቤቴ ይህችን ከተማ ሰው የሚያከብር ሰው ቤት ናት ብሎ አምኗት፣ እንደ አባቶቹ ወግ ጨዋ ሆኖ ገባላት። እናንተም ጨዋነቱን እያያችሁ ወሰዳችሁት፤ ምን ያህል እንዳስከፈለው ግን የጠየቀው ሰው አልነበረም። ሌላ ድኻ መርጠን የላክን እንደሆነ እንቢ ቢላችሁ እንኳ ቤቱ ምን እንደሚበላ ጠይቁት። የምለምናችሁ ይህንን ብቻ ነው።

ደመወዛችሁን በጤና ብሉት። ስብሰባችሁ አይጠር፣ ወንበራችሁ አይጉደል፣ የሚያጨበጭብላችሁ ሕዝብም አይጥፋ እያልኩ፣ ከረባቱን በመተኮስ፣ ስልኩን በመቀበልና ንግግሩን በማዳመጥ ለከተማዋ አንድ ዓመት ሙሉ በነፃ ያገለገልኩ፣

የቀድሞው የምክር ቤት አባል ባለቤት፣
ውባለም ኃይሉ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የተከበሩ ከንቲባ፣ ባለፈው ሐሙስ ከኤርፖርት እስከ ቤትዎ በታክሲ ሄደዋል። ሹፌሩ ባለቤቴ ነበር። ያውቁኛል ብሎ መንገዱን ሁሉ በመስታወት ሲያይዎት ነበር። እርስዎም በትሕትና ከየት አገር እንደመጣ፣ አሜሪካ ተስማምታው እንደሆነ ጠየቁት፤ ሻንጣዎን በር ድረስ ካደረሰልዎት በኋላም፣ ዜግነት ሲያገኝ መምረጥ እንዳይረሳ፣ ምክር ቤቱ እንደሱ ያለ ሰው እንደሚያስፈልገው መከሩት። እሺ፣ አልረሳም ብሎዎት ተመለሰ።