ሕሙማንን ለብቻቸው ያቆሙት የሲስተር ሰገነት ጦና የሕይወት ታሪክ

ሲስተር ሰገነት ጦና ጥቅምት 12 ቀን 1953 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት፣ ከአባታቸው ከአቶ ጦና ዱባለና ከእናታቸው ከወ/ሮ ትዕዛዝ ሻንቆ በጉኑኖ ተወለዱ። ሰዓቱ ሳይቀር የሚታወቀው አቶ ጦና የልጆቻቸውን ልደት በመጽሐፍ ቅዱሳቸው የውስጥ ሽፋን ላይ የመጻፍ ልማድ ስለነበራቸው ነው። ሲስተር ሰገነት ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ሲሆኑ፣ የመጨረሻዋ ማክዳ በ1968 ዓ.ም. ስትወለድ እሳቸው የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበሩ። እናታቸው ከወሊዱ በኋላ ለረጅም ጊዜ ታመው ስለተኙ ሕፃኗን አዝለውና አብልተው ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ማክዳ አፏን ስትፈታ እናቴ ብላ የጠራችው እህቷን ነበር። ሲስተር ሰገነትም እናቷ ማን እንደሆኑ በጣታቸው እያሳዩ ያርሟት እንደነበር ቤተሰቡ እስከ ዛሬ እየሳቀ ያወራዋል።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በጉኑኖ፣ ሁለተኛ ደረጃውን በሶዶ ተከታትለው በ1972 ዓ.ም. አጠናቀቁ። ከዚያም የጤና ረዳትነት ሥልጠና ወስደው በ1974 ዓ.ም. በቢጠና ጤና ጣቢያ ተመደቡ። በቢጠና መምህር ከነበሩት ከአቶ ይስሐቅ ሀብተጊዮርጊስ ጋር ተዋውቀው በጥር ወር 1977 ዓ.ም. ጋብቻቸውን ፈጸሙ፤ ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ልጅም አፈሩ። አቶ ይስሐቅ እንደሚያስታውሱት፣ በትዳራቸው መጀመሪያ ያጨቃጭቃቸው የነበረው የሲስተር ሰገነት መንገድ ላይ ቆሞ የሰው አረማመድ የማየት ልማድ ነበር። የታየው ሰው ይቀየማል፤ እሳቸው የሚያዩት ግን ጉልበቱን ነበር።

ይህ ልማድ ያለ ምክንያት አልመጣም። ጉልበታቸውን የታመሙ ሴቶች ወደ ጤና ጣቢያው የሚመጡት ተቀምጠው መነሳት ካቃታቸው በኋላ ነበር፤ ያን ጊዜ ደግሞ ማስታገሻ ከመስጠት በቀር የሚደረግላቸው አልነበረም። ሲስተር ሰገነት ሕመሙን ገና ሲጀምር ማየት የሚቻልበትን መንገድ ሲያስቡ ኖሩ። ከ1983ቱ የመንግሥት ለውጥ በኋላ የሥልጠና ዕድል ሲወጣ ለራጅ ትምህርት ተወዳድረው አለፉና በ1986 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ሄዱ። በ1988 ዓ.ም. ተመርቀው በሶዶ ከተማ በሚገኝ ሆስፒታል ሥራ ጀመሩ።

በትምህርታቸው እንደተረዱት፣ በጉልበት ውስጥ ሁለቱን አጥንቶች የሚያለያየው ልም አጥንት በራጅ አይታይም። የሚታየው በአጥንቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ነው፤ ልም አጥንቱ ሲያልቅ ክፍተቱ ይጠባል። ሰው አልጋ ላይ ተኝቶ ራጅ ሲነሳ ጉልበቱ ሸክም ስለሌለበት በሕመሙ መጀመሪያ ላይ ያለ ሰው ክፍተቱ ጤነኛ መስሎ ይወጣል። ስለዚህ ሲስተር ሰገነት ለአናጢ ነግረው ሕመምተኛ የሚቆምበት የእንጨት መርገጫ አሠሩ። ከዚያ ወዲህ የጉልበት ራጅ በእሳቸው እጅ የሚነሳው ተቁሞ ሆነ።

ማክዳ በ1990 ዓ.ም. የሻንቶ ነዋሪ ለሆኑት ለአቶ ደገፉ ተዳረች። በተከታዩ ክረምት ውኃ ቀድታ ስትመለስ ዳገት ላይ አዳልጧት ወደቀችና ቀኝ ጉልበቷ አብጦ ከረመ። እብጠቱ ጎደለ፤ እንሰት ለመፋቅ መሬት ላይ በተቀመጠች ቁጥር ግን ሕመሙ ይነሳባት ጀመር። ጥቂት ትፍቅና ታቋርጣለች። አማቷ ወ/ሮ ዓመለወርቅ ሥራ ጠልታ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ሲስተር ሰገነት የዓመት ፈቃድ ላይ በነበሩበት ሳምንት አማቷ ሶዶ ወስደው ራጅ አስነሷት፤ ተኝታ የተነሳችው ፊልም ንጹሕ ሆነ። ወ/ሮ ዓመለወርቅ ፊልሙን ሳሎን ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። ለመጣ እንግዳ ሁሉ እያሳዩ፣ የምራታቸው ጉልበት ደኅና መሆኑን መንግሥት ራሱ መስክሯል ይሉ ነበር። ነገሩ ሽማግሌ ፊት ደርሶ ማክዳ ወደ አባቷ ቤት እንድትመለስ ሊወሰን ተቃረበ።

ሲስተር ሰገነት ይህን ሲሰሙ ሻንቶ ድረስ ሄደው ጉልበቷ ቆማ እንዲታይ ጠየቁ። ወ/ሮ ዓመለወርቅ እህት ለእህቷ ታዳላለች ብለው ስለሰጉ፣ ራጅ ክፍሉ ውስጥ ገብቼ ካላየሁ አልስማማም አሉ። በየካቲት ወር 1992 ዓ.ም. ከአቶ ደገፉ እህት ጋር ሆነው ማክዳን ይዘው ወደ ሶዶ መጡ።

በእኛ አገር የታመመ ሰው በሰው ፊት ለብቻው አይቆምም። የተጣላውም ቢሆን ብብቱ ሥር ገብቶ ይደግፈዋል፤ አለዚያ ወገን የሌለው ያስመስለዋል። ወ/ሮ ዓመለወርቅም ምራታቸውን ሰነፍ እያሉ እንኳ መርገጫው ላይ ስትወጣ በአንድ በኩል እሳቸው፣ በሌላው በኩል ሴት ልጃቸው ጥርቅም አድርገው ያዟት። ሲስተር ሰገነት በዚሁ ወግ ያደጉ ናቸውና ነገሩ አልከነከናቸውም። እንደ ወትሮው ለደጋፊዎቹ ጨረር የሚከላከለውን የእርሳስ ሽርጥ አልብሰው አነሱ። ፊልሙ ታጥቦ ሲወጣ የሁለቱ ጉልበቶች ክፍተት እኩል ነበር። ወ/ሮ ዓመለወርቅ የምትዋሸውስ ማን እንደሆነች ታወቀ ብለው ነጠላቸውን አጣፉ።

ያን ጊዜ ማክዳ እህቷን በወላይትኛ፣ “እህቴ፣ አሁንማ አላመመኝም። እኔ መቼ ቆምኩ? የያዙኝ እነሱ ናቸው” አለቻቸው።

ሲስተር ሰገነት አዲስ ፊልም አስገብተው፣ “ልቀቋትና ሁላችሁም ውጡ” አሉ።

ወ/ሮ ዓመለወርቅ በሩ ላይ ቆመው፣ “ሰው የገዛ እህቱን እንዲህ ሜዳ ላይ ይጥላል? የአንቺስ ልብ ከምን ተሠራ?” ሲሉ በመተላለፊያው የነበረ ሰው ሁሉ ሰምቷል።

ማክዳ ጉልበቷን ትንሽ አጥፋ ብቻዋን ቆመች፤ እያለቀሰች ነበር። በዚያ ፊልም ላይ የቀኝ ጉልበቷ ክፍተት በውስጥ በኩል ከግራው ጠብቦ ታየ። ሐኪሙ ልም አጥንቷ መጎዳት መጀመሩን ገልጸው፣ መሬት ላይ ተቀምጣ መሥራቱን ከተወችና የጭኗን ጡንቻ ካጠነከረች ጉልበቱ ረጅም ዘመን ሊያገለግላት እንደሚችል አስረዱ።

አቶ ደገፉ ማክዳ ተደግፋና ብቻዋን ቆማ የተነሳቻቸውን ሁለት ፊልሞች ይዘው ሽማግሌዎቹ ፊት ቀረቡ። ሽማግሌዎቹ እየተቀባበሉ ወደ ፀሐይ አንስተው አዩ። አንዳንዱ ልዩነቱን አየ፤ አንዳንዱ አጥንት እንጂ ሌላ አልታየኝም አለ። አቶ ደገፉ እስከዚያ ቀን በእናታቸው ፊት ቃል ተናግረው የማያውቁ ሰው ነበሩ፤ የዚያን ዕለት ግን ሚስታቸው የትም እንደማትሄድ ተናገሩ። እንሰቱን የጎረቤት ሴቶች በደቦ እንዲፍቁ፣ ማክዳም በፈንታው እንድታበስልላቸው ተስማሙ። ወ/ሮ ዓመለወርቅ የድሮውን ፊልም ከግድግዳው አወረዱ፤ አዲሱን አልሰቀሉም።

ሲስተር ሰገነትን ግን ሌላ ጭንቀት ያዛቸው። ሥራ ከጀመሩ ወዲህ ቆመው ራጅ እንዲነሱ ያደረጓቸው ሕሙማን አብዛኞቹ የተነሱት ሰው ደግፏቸው ነበር። በየአጥቢያው በእሑድ ማስታወቂያ አስነግረው እንዲመለሱ ጠሩ። ብዙዎች መጥተው እንደገና ተነሱ፤ ከእነሱም መካከል ጤነኛ ተብለው የሄዱና ታመው የተገኙ ነበሩ። ያልመጡትን በየጊዜው በጭንቀት ያስታውሷቸው ነበር።

ከዚያ በኋላ ደጋፊ ከራጅ ክፍሉ ይወጣል። ከተማው ለዚህ “ሲስተር ልቀቁ” የሚል ስም አወጣላቸው። የጅምላ ነጋዴው አቶ ሽኩር እሳቸው ሲያልፉ ባዩ ቁጥር ሠራተኞቻቸውን የተሸከሙትን ጆንያ እንዲለቁ ይነግሯቸው ነበር። ሲስተር ሰገነት ቀልድ ቶሎ የሚገባቸው ሰው ስላልነበሩ፣ ጆንያው ለጉልበት ጥሩ እንዳልሆነ ቆመው ያስረዳሉ። ጨካኝ ናቸው የሚሉም ነበሩ።

በ1998 ዓ.ም. ወ/ሮ ዓመለወርቅ ራሳቸው ጉልበታቸውን ታመው መጡ። ሁለት ልጆቻቸው በብብታቸው ይዘዋቸው ነበር። በሩ ላይ ሲደርሱ የልጆቻቸውን እጅ አስለቅቀው፣ “አንቺ ጨካኝ፣ ነይ አቁሚኝ” አሉ። ሲስተር ሰገነት ወደ መርገጫው አወጧቸውና ለብቻቸው አቆሟቸው። የወ/ሮ ዓመለወርቅ ልም አጥንት አብዛኛው አልቆ ነበር። ከዚያ ወዲህ እስኪያርፉ ድረስ በምርኩዝ ይሄዱ ነበር፤ የሻንቶን ሴቶችም ሳይዘገዩ ሶዶ ሄደው እንዲታዩ ይመክሩ ነበር።

ሲስተር ሰገነት በቤተ ክርስቲያናቸው በዲያቆናት አገልግሎት ለብዙ ዓመታት ተሳትፈዋል። ሰዓት ያከብራሉ፤ ሰው ሲያረፍድባቸው አይቆጡም፣ ነገር ግን ትተውት ይሄዳሉ። ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ በኩላሊት ሕመም በሶዶና በአዲስ አበባ ሲታከሙ ቆይተው፣ ረቡዕ ግንቦት 16 ቀን 2009 ዓ.ም. በተወለዱ በ56 ዓመታቸው ሶዶ በሚገኘው መኖሪያ ቤታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ያመኑት ጌታ በፊቱ ያቁማቸው፤ ለቤተሰባቸውም የማያልቅ መጽናናት ይስጥ።

ባለቤታቸው አቶ ይስሐቅ፣ የበኩር ልጃቸው ቤኒና ሁለት ታናናሾቹ፣ ሁለት የልጅ ልጆች፣ እንዲሁም እህታቸው ማክዳ በሕይወት አሉ። ማክዳ በሻንቶ ከአቶ ደገፉ ጋር አራት ልጆች ታሳድጋለች። ጉልበቷ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በዚህ ዓመት የካቲት ወር ነው። ሲስተር ሰገነት ታመው ተኝተው ስለነበር ሌላ ባለሙያ አነሳት። ክፍተቱ በ1992 ዓ.ም. ከነበረው ብዙም አልጠበበም።