መዳፏ ላይ የጀመርኩት ዜማ

እሑድ፣ ነሐሴ 4 ቀን 2017
ናይሮቢ

ከቸርች ወደ ማደሪያው ተመልሻለሁ፤ አንድ ቦታ መቀመጥ ግን አልቻልኩም። ባግፓይፕ የሚባለውን ባለከረጢት የትንፋሽ መሣሪያ ልማር እዚህ አዳሪ ከገባሁ ሳምንት ሆነኝ። የሚነፋውን ከረጢት ገና አልሰጡንም። በትንሿ የመለማመጃ ዋሽንት አንዲት አጭር የሰልፍ ዜማ ብቻ እንደጋግማለን። አስተማሪያችን ምዋሊሙ፣ "ዋሽንቱ ባይኖርም ጣታችሁ አይረፍ" ስላለን ማንኪያውንም የጥርስ ብሩሹንም እንደ ዋሽንት ይዘን በጣታችን ስንነካካ እንውላለን። ዛሬ ወደ ቸርች ስሄድ ማታቱ ታክሲ ውስጥ የፊቴን ወንበር በጣቶቼ ስደበድብ የተቀመጠበት ሰውዬ ዞሮ ገላመጠኝ።

ሳውዝ ሲ ሰፈር ያለው ቸርቻችን ደርሼ ከእማዬ ጎን ቆምኩ። ፓስተሩ "እጅ ለእጅ ተያይዘን እንጸልይ" ሲል እጇን ያዝኩ። ዓይኔን እንደጨፈንኩ ሳላስበው ዜማውን በጣቶቼ መዳፏ ላይ ጀመርኩት። እማዬ እጄን ጭምቅ አድርጋ ይዛ ማልቀስ ጀመረች። ጸሎቱ ሲያበቃ፣ "መንፈስ ቅዱስ ሲነካሽ በእጄ አወቅሁት። ስንት ዓመት የለመንኩት ነው" አለችኝ። ወዲያው ለአክስቴ ደወለች።

"እማ፣ ልምምድ እኮ ነው" ማለት ምን ይከብዳል? ፊቷን ሳየው አቃተኝ። ነገ ደግሞ ትደውላለች፤ ምን እንደምላት አላውቅም።

እንዳልቀመጥ ያደረገኝ ግን እሱ ብቻ አይደለም። ዜማው አጭር ነው። እሷ እጄን ስትጨምቀው ጨርሼው ነበር። ጣቶቼ ግን አላቆሙም፤ የማላውቀውን ዜማ ቀጠሉ።