የጭኔ ልክና የድመቲቱ ወገብ

ማክሰኞ፣ መጋቢት ፩ ቀን ፲፱፻፸፱

ትናንት በቀበሌው አዳራሽ ሕዝቡ ሁሉ ግራ እጁን አንሥቶ መፈክር ሊያሰማ ብድግ ሲል፣ ጉልበቴ እምቢ ብሎኝ እኔ ብቻ ተቀምጬ ቀረሁ። ሊቀ መንበሩ ዓይኑን ቢተክልብኝ ጎረቤቴ በብብቴ ገብቶ አነሣኝ፤ ባለቤቴ አስካለም ስብሰባው ሲያበቃ የሆስፒታሉን ወረቀት ይዛ ሄዳ አስረዳች። ዛሬ በማለዳ የልብስ ስፌቷን ሜትር ከአንገቷ አውርዳ ጭኔን ለካችው፦ ካለፈው ሳምንት ሁለት ሳንቲ ሜትር ጎድሏል።

በጥር ወር፣ አዲስ አበባ ላይ፣ የምግብ ቧንቧዬን ከነነቀርሳው ቆርጠው ሲያወጡ፣ ጨጓራዬንም ወደ ላይ ስበው ከቀረው ጉሮሮዬ ጋር ሲያጋጥሙ፣ ቢላዋው ያልነካቸው ጭኔና ክንዴ ከሁሉ ቀድመው ይቀልጣሉ ብዬ አልገመትኩም ነበር። ሐኪሟ ስታሰናብተኝ፣ «አባባ፣ ቁስሉ በደንብ ድኗል፤ ከዚህ በኋላ ሰው የሚወድቀው በጡንቻው ነው። ሰውነት ሲራብ የገዛ ሥጋውን ይበላል። ወተት፣ እንቁላል፣ ዓሣ፤ ትንሽ ትንሹን፣ በቀን ስድስት ጊዜ። መጋቢት ፳፬ ሲመጡ እጅዎን ሳያስደግፉ ከወንበር አምስት ጊዜ ይነሣሉ። አለዚያ በሆድዎ በኩል የነበረውን የምግብ ቱቦ መልሼ አስገባዋለሁ» ብላኛለች። ያን ቱቦ ከቢላዋው አብልጬ እጠላዋለሁ።

አስካለ ሜትሩን እየጠቀለለች፣ «በቀን ሦስት ብርጭቆ ወተት! የት ነው የሚገባው?» አለች። ሱሪዬን መታጠቅ ጀመርኩ። ለዚህ ደብተር ግን አልዋሽም፦ ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ሽሬ የማላውቀውን ዐቢይ ጾም ዘንድሮም ይዤዋለሁ፤ ወተቱንና እንቁላሉን የምትጨርስልኝ ከአልጋዬ ሥር የምትተኛው ድመታችን ናት።

ረቡዕ፣ መጋቢት ፪

ተያዝኩ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ሳሎን ብወጣ፣ አስካለ ድመቲቱን ጉልበቷ ላይ አስተኝታ በዚያው ሜትር ወገቧን ስትለካ አገኘኋት። ቀና ብላም አላየችኝ። «ወተቱ የገባበትን አገኘሁት» አለች። «አንቱ ይጾማሉ፤ ይቺ ለፋሲካ እንደ ተቀለበ ሙክት ሆናለች።» ድመቲቱን አውርዳ፣ «አርባ ዓመት አብሬዎ ኖሬ፣ በወተት ምክንያት መበለት ልሁን?» አለችኝ።

ስለ ጾም ክብርና አባቶች በድካማቸው ጊዜ ስላሳዩት ጽናት ልመልስላት ጀመርኩ፤ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ገና ሳልዘጋው ነጠላዋን ደርባ ወጣች።

ዓርብ፣ መጋቢት ፬

የሄደችው ወደ ነፍስ አባቴ ወደ አባ ወልደ ሰንበት ኖሯል። እኒህን ካህን በዕድሜ ሠላሳ ዓመት የማንሳቸው ብሆን ኖሮ ነገሩ ይቀለኝ ነበር፤ እኔ ግን በሠላሳ ዓመት እበልጣቸዋለሁ፣ በልጅነታቸውም አስተምሬአቸዋለሁ፤ እርሳቸው ደግሞ በሥልጣናቸው «ልጄ» ይሉኛል።

ዛሬ ቤታችን መጥተው፣ «ልጄ፣ ጾም ለምንድን ነው?» አሉኝ። በሰፊው መለስኩ። እስክጨርስ ታገሡኝ፤ ቀላል ትዕግሥት አልነበረም።

«ሥጋን ለማድከም ነው ካሉ፣ የእርስዎ ሥጋ ደክሞ አለቀ። የሚደክም ምን ቀረዎት? ደግሞ ሚስትዎን አታልለዋል። ለእርሱ ቀኖና እሰጥዎታለሁ፦ እስከ ፋሲካ በየዕለቱ ሦስት ብርጭቆ ወተት፣ ሁለት እንቁላል፣ በወይዘሮ አስካለ ፊት። ለድመት ጠብታ አይተርፍም። ይህን ቢተዉ ጾም እንደ ሻሩ እቆጥረዋለሁ።»

«ይከብዳል፣ አባ» አልኩ።

«ካልከበደ ምኑን ቀኖና ሆነ?»

የመጀመሪያውን ብርጭቆ በሁለቱ ፊት ጠጣሁ። ጣዕሙን ረስቼው ኖሯል፤ መልካም ነው።

እሑድ፣ መጋቢት ፮

የተማርኩት፦ ወተትን ከምግብ ጋር አለመጠጣት። ትናንት ቀኖናዬን ቶሎ ልጨርስ ብዬ እንቁላሉን በወተት ባወርደው ልቤ ደለቀ፣ ላብ አጠመቀኝ፤ አንድ ሰዓት ያህል ጋደም አልኩ። አሁን አስቀድሜ እበላለሁ፣ ቆይቼ በትንሽ በትንሹ እጠጣለሁ፣ ከዚያም ቀጥ ብዬ እቀመጣለሁ።

ዛሬ ቱፋ ከዝዋይ መጣ። የድሮ ተማሪዬ ነው፤ አሁን ከሐይቁ ዓሣ ያጠምዳል። ሦስት ቆሮሶ ዓሣ በእርጥብ ቄጠማ ጠቅልሎ አምጥቷል። «አካም ጅርቱ፣ ጋሼ? ምነው እንደ ሐይቁ ሸንበቆ ሆኑ?» አለኝ።

ዓሣ በቀኖናዬ ውስጥ እንደሌለ አመለከትኩ። አስካለም ቢላዋዋን እየሳለች፣ «አባ ረስተውት ነው፤ እኔ እነግራቸዋለሁ» አለች።

ቱፋ ስለ አምስቱ መነሣት ሲሰማ ሳቁ መጣበት። «ጋሼ፣ ቃል ያላጠናሁ ጊዜ ሃምሳ ተነሥ ቁጭ በል ያሠሩኝ ነበር እኮ። ዛሬ እኔ ልቁጠርልዎ» ብሎ ወንበሬ ፊት ቆመ። «ይነሡ ጋሼ! ይቀመጡ! የእርስዎ አለንጋ ብቻ ነው የጎደለኝ።» እጆቼን ደረቴ ላይ አጣምሬ ሁለት ጊዜ ተነሣሁ፤ ሦስተኛው ከመንገድ መለሰኝ። ያኔ ሃምሳ ማለት ምን ያህል እንደ ነበረ ዛሬ ገባኝ፤ ነገርኩትም።

ሐሙስ፣ መጋቢት ፳፬

ከአዲስ አበባ ከቀትር በኋላ ተመለስን። በሐኪሟ ፊት አምስት ጊዜ ተነሣሁ። ጭኔን ጫን ጫን አድርጋ ዳሰሰች፤ «ቱቦው ይቅር» አለች። በአስካለ ሜትር ከመጋቢት ፩ ወዲህ አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ሞልቷል። ነቀርሳው ተመልሶ እንደ ሆነ ግን የሚታየው በሰኔ ነው፤ ሐኪሟ ከዚህ አላለፈችም፣ እኔም አልጠየቅኋትም። ሰኔ እስኪደርስ የምኖርበት ጭን አለኝ።

አስካለ የምሥራቹን ለአባ ልትነግር ሄደች። እኔ ሦስተኛውን ብርጭቆ ይዤ ይህን ስጽፍ ድመቲቱ እግሬ ሥር ተቀምጣ እንደ ተበደለ ሰው ታየኛለች። በሩ ተንኳኳ፤ ሄጄ ከፈትኩ።

አስካለ ናት። «ማን አነሣዎት?» አለችኝ ወደ ውስጥ እየተመለከተች።

እጆቼን አየኋቸው። በአንዱ ብርጭቆው አለ፣ በሌላው ብዕሩ፤ ወንበሩን የተደገፈ እጅ አልነበረም።

ሜትሩ አንገቷ ላይ ነበር። ጭኔን ልትለካ አላወረደችውም።