ከተማ ዞሮ ስለሚመለሰው ቆስጣችን

ለተከበሩ የአትክልት ማሰባሰቢያ ማዕከል ሥራ አስኪያጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከርመዋል እያልኩ ሙሉ ጤና እመኝልዎታለሁ፤ በእኛ በኩል ከቆስጣው በቀር ሁላችንም ደህና ነን።

ባለፈው ስብሰባ «ጥያቄ ያለው?» ሲሉ ከእናቴ ጎን አንገቴን ደፍቼ የተቀመጥኩት ልጅ ነኝ። ሰው ፊት መናገር አልችልም፤ ዝምታዬን እንደ ስምምነት ስለቆጠሩልኝ አመሰግናለሁ።

አንደኛ፣ ጓሯችንን ከትምህርት ቤቱ የሚለየው የሽቦ አጥር ነው። ድሮ እናቴ ጠዋት የቆረጠችውን ቆስጣ ለትምህርት ቤቱ ምግብ አብሳይ በአጥሩ ላይ ታቀብላት ነበር። እርስዎ ይህን ኋላ ቀር አሠራር አስቀርተው ዘመናዊ የአቅርቦት ሰንሰለት ዘረጉልን። አሁን ቆስጣው በመኪና ተጭኖ ከተማውን ያቋርጣል፣ በማዕከልዎ መብራት በሌለው ማቀዝቀዣ ውስጥ ያድራል፣ በማግስቱ እዚያው አጥር ማዶ ይመለሳል። ምግብ አብሳይዋ «ልጄ፣ ይሄ ቆስጣ ነው ወይስ የወለል መወልወያ?» ብላ ጠይቃኛለች። እኔም ከተማ አይቶ የመጣ ነው አልኳት።

ሁለተኛ፣ መኪናው የሚመጣበት ሰዓት አይታወቅም፤ በር ላይ ሰው ካጣ ጥሎን ይሄዳል፣ ለሌላ መሸጥ ደግሞ ከማዕከልዎ ጋር የፈረምነው ውል ይከለክላል። እናቴ ሰው ቤት ልብስ ልታጥብ ስለምትሄድ የምጠብቀው እኔ ነኝ። ስለዚህ ትምህርቴን ትቼ ከጠዋት እስከ ማታ በር ላይ ሳጥን ገልብጬ እቀመጣለሁ። ከአጥሩ ማዶ የክፍል ጓደኞቼ ሲያነቡ ይሰማኛል፤ ድምፅ ሳላወጣ አብሬ አነባለሁ። ለዓይናፋር ልጅ ከዚህ የተሻለ መቀመጫ የለም፣ ማንም ተነሺ አይለኝም።

ሦስተኛ፣ እናቴ ከውሉ እንውጣ ብላ ብትለምንዎ «አርአያ አቅራቢ እንዴት ይወጣል?» ብለው የምስክር ወረቀት ሰጧት። ግድግዳ ላይ ሰቅለነዋል፤ እሱም እንደኔ ከቦታው አይነቃነቅም።

ርእሰ መምህሩ እስከ አርብ ካልተመለስኩ ቦታዬ ለሌላ እንደሚሰጥ ነግረውናል። የምለምንዎ የመኪናውን ሰዓት እንዲያሳውቁን ብቻ ነው።

ትዕግሥት ላስተማሩኝ ለእርስዎ ያለኝን ታላቅ አክብሮት ከሳጥኔ ሳልነሳ እገልጻለሁ፤

የአትክልተኛዋ ልጅ

ማስታወሻ፦ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓሯችን ለቤትዎ ቆስጣ የሚወስደው ሾፌርዎ ገና ጤዛው ሳይደርቅ፣ አንድ ቀን እንኳ ሳያረፍድ ይመጣል፤ በማዕከሉ ያለፈውን እንዳያመጣ ባለቤትዎ አስጠንቅቀውታል አሉ። ከዚህ የተነሣ በመሥሪያ ቤትዎ ሰዓት መኖሩን ተረድቻለሁ፤ አርብ ሳይደርስ ለጭነት መኪናውም ያውሱት።