ያላዩዋቸው ሁለት ክፍሎች

ውድ እማማ፣

«ሰላም ለእርስዎ ይሁን» ብዬ ልጀምር ነበር፤ ሰላምዎን የነሳሁት እኔ ራሴ ሆኜ እንዲያ ብል ግን ዓይን አውጣነት ይሆናል። ስለዚህ ሰላምታውን ትቼ ወደ ነገሩ ልግባ። እርስዎም በሕይወት ሳሉ ዙሪያ ጥምጥም አይወዱም ነበር። «ጥርሶ፣ ራስና ጭራ ያለው ነገር ንገረኝ» ይሉኝ ነበር። አርቴፊሻል ጥርስ ሠሪ ስለሆንኩ ያወጡልኝ ስም ነው። መጀመሪያ ሰሞን ይከነክነኝ ነበር። አሁን እንዲያ ብሎ የሚጠራኝ ሰው የለም።

የምጽፍልዎ ስለ ዳይኖሰሮቹ ፊልም ነው።

እኛ ዘንድ የገቡ ሰሞን እኔና እርስዎ እንዴት እንደምንፈራራ! ልጅዎ፣ ሚስቴ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ፋርማሲ ስለምትውል ሳሎን ውስጥ ሁለታችን ብቻ ተፋጠን እንቀር ነበር። እርስዎ «ሻይ ላፍላ?» ሲሉ እኔ ከመቀመጫዬ ብድግ ብዬ «ይቀመጡ፣ እኔ አፈላለሁ» እላለሁ። ምድጃው ሁለት ጊዜ እንደተለኮሰ ስለተገኘ ልጅዎ አደራ ብላኝ ነበር። እርስዎም ለምን እንደተነሳሁ ያውቁ ነበር፤ ፊትዎን ወደ መስኮቱ ያዞራሉ። ሐኪሙ ስለ መርሳትዎ «ገና ጅምሩ ነው፣ አእምሯቸውን ያሠሩ» ብሎ ነበር። ታዲያ አንድ ቅዳሜ አቧራ ሲያራግፉ ከቴሌቪዥኑ ሥር ከወንደላጤነቴ የተረፈውን የዲቪዲ ሣጥን አገኙ።

«ስንት ናቸው?» አሉኝ።

«ስድስት ክፍል ነው።»

«ከየትኛው ይጀመራል?»

«አራተኛው ይሻላል እማማ፣ ፍልሚያው ደስ ይላል።»

የሰደብኩዎ ይመስል አፈጠጡብኝ። «መዝገብ ከመሃል ይከፈታል እንዴ? አንደኛውን አምጣ!»

ሠላሳ አንድ ዓመት መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ሌላ ምን ሊል ይችላል? የትኛው ፋይል በየትኛው መደርደሪያ፣ ከማን ፋይል ቀጥሎ እንዳለ ዓይንዎን ጨፍነው ይናገሩ እንደነበር ልጅዎ ነግራኛለች። ሰው በቤቱ፣ በልጁ፣ በመልኩ ይኮራል፤ እርስዎ የሚኮሩት በማስታወስዎ ነበር። ለዚህም ነው ፊልሙን መዝናኛ ብቻ ያላደረጉት። በወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ አንድ ክፍል እናያለን፤ ወሩን ሙሉ ያብላሉታል፤ የሚቀጥለው ከመጀመሩ በፊት ያለፈውን ከራሱ እስከ ጭራው ይተርኩልኛል። እኔ ፈታኝ፣ እርስዎ ተፈታኝ። ለልጅዎም ቃል ገቡ፦ «አንድ ሙሉ ፊልም የጠፋብኝ ቀን ማንም ሳያስገድደኝ በገዛ እግሬ አረጋውያን መኖሪያ እገባለሁ። እስከዚያ ግን ማንም እንዳይነካኝ።»

ሣጥኑንም በመዝገብ ቤት ደንብ አደራጁት። ዲቪዲ ከቦታው ሲወጣ በምትኩ ካርድ ይገባል፤ ማን እንደወሰደው፣ መቼ እንደወሰደው ይጻፍበታል። ካርዶቹን ከጫማ ካርቶን ቆርጠው፣ መስመር አስምረው አዘጋጁ። እኔ ሳቅኩ። «ሳቅ! ቢሮ ውስጥም የሚስቁ ነበሩ፤ ፋይል ሲጠፋባቸው የሚመጡት ግን እኔ ጋ ነበር» አሉኝ።

አንደኛውን ክፍል ስናይ ትልቁ አውሬ ብቅ ባለ ቁጥር ሁለት እግርዎን ወንበሩ ላይ ይሰበስቡ ነበር። «ጥርሶ፣ ይህን አፍ ሥራ ብትባል ስንት ቀን ይፈጅብሃል?» አሉኝ። «ቅርጹን ለማውጣት የከተማው ጄሶ አይበቃኝም» አልኩዎ፤ እንባዎ እስኪመጣ ሳቁ። ከአውሬዎቹ ሁሉ ግን የወደዱት ሰውየውን ነበር፤ ሽማግሌውን የእንስሳት ሐኪም። አንካሳዋን ዳይኖሰር ሲያክማት ጠጋ ብሎ ስለሚያናግራት ነው መሰለኝ። ሁለተኛው ክፍል ሽማግሌው የልጅ ልጁን በትከሻው ተሸክሞ ጀልባ ላይ ሲወጣ አለቀ። ወሩን ሙሉ በረንዳ ላይ ቁጭ ብለው የሱን ነገር ሲያነሱ ሲጥሉ ከረሙ። እውነቱን ልናገርና፣ ከሥራ ወደ ቤት መቸኮል የጀመርኩት ያን ወር ነው።

አሁን ወደ ጥፋቴ።

ሦስተኛውንና አራተኛውን ክፍል ለሥራ ባልደረባዬ፣ ለጄሶ አፍሳሹ አውሼው ነበር። ካርድ አላስገባሁም። ዓርብ ሊመልስልኝ ተስማምተን ዓርብ ታሞ ቀረ። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ እርስዎ ነጠላ ጫማዎን አውልቀው፣ መነጽርዎን ወልውለው፣ ቦታዎን ይዘው ጠበቁኝ። «አውሻቸዋለሁ፣ ካርዱንም ረስቻለሁ» ብል ምን ይመጣ ነበር? አንድ ቁጣ፣ አንድ ሳምንት ሽሙጥ። እሱን ፈራሁ። አርባ ስድስት ዓመት የሞላኝ ሰውዬ ሽሙጥ ፈራሁ! ከዚህም የከፋውን ልንገርዎ። ቆሜ ሣጥኑን ሳይ በልቤ ያልኩት «የትኛውም ቢሆን ትረሳዋለች» ነው። ፊት ለፊቴ ተቀምጠው «አንቱ» እያልኩዎ፣ በልቤ «ትረሳዋለች» አልኩ።

ሁለተኛውን ክፍል ተረኩልኝ። አንዲት ነገር አልሳቱም፤ የጀልባውን ቀለም ሳይቀር ነገሩኝ። «ጎበዝ!» አልኩና አምስተኛውን ከትቼ «ይኸው ሦስተኛው» አልኩዎ።

ፊልሙ ሲጀምር ያቺ የልጅ ልጅ አድጋ፣ ነጭ ጋውን ለብሳ ታየች። ቀጥሎ ከኋላዋ ግድግዳው ላይ የሽማግሌው ፎቶ ታየ፤ «አያቴ ከሞተ ወዲህ» ስትልም ሰማናት።

«አቁመው እስቲ» አሉኝ።

አቆምኩት።

«ሽማግሌው መቼ ሞተ?»

እዚህ ላይ ነው እማማ። እስከዚህ ድረስ ነገሩ ቀልድ ሊሆን ይችል ነበር። «ተሸወዱ!» ብዬ ብስቅ፣ ትራስ ወርውረውብኝ ባለቀ ነበር።

«ባለፈው ነዋ፤ ሁለተኛው ላይ» አልኩ።

«ሁለተኛው ላይ?»

«አዎ፣ መጨረሻው ላይ።»

«ቅድም በጀልባ ሄደ ብዬ አልነገርኩህም? አንተስ ጎበዝ አላልከኝም?»

«እንዳይከፋዎ ብዬ ነዋ።»

ቀና ብለው አላዩኝም። የቀሚስዎን ጫፍ ጉልበትዎ ላይ ያስተካክሉ፣ እንደገናም ያስተካክሉ ጀመር። አፍሮ እንደሚጠይቅ ሰው ድምፅዎን ዝቅ አድርገው «አለቀስኩ?» አሉኝ። «ሲሞት አለቀስኩ ወይ?»

«በጣም አለቀሱ» አልኩዎ።

ከዚያ በኋላ ፊልሙን አልጨረስነውም። ራሴን አመመኝ ብለው ክፍልዎ ገቡ።

በማግሥቱ ቁርስ ላይ የቤቱን ቁልፍ ከመቀነትዎ ፈተው ልጅዎ ፊት አስቀመጡት። «ቃል የእምነት ዕዳ ነው፤ አንድ ሙሉ ፊልም ጠፍቶብኛል» አሏት። እሷ «እማዬ፣ ፊልም ምን ነገር ነው፣ ተዪው» ብላ አለቀሰች። እርስዎ አላለቀሱም። ፊትዎን ወደኔ አዙረው «እሱ ያውቃል፤ ሊደብቅልኝ ሞክሮ ነበር፣ ደግ ልጅ ነው» አሉ። እኔ ሻዬን ማማሰል ቀጠልኩ። ዛሬ እላለሁ፣ ነገ እላለሁ ስል ሻንጣዎ ተዘጋጀ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ከኔ ጋር ያደረው ግን ውሸቴ ነበር፣ ባደረ ቁጥርም ከአፌ ለማውጣት ይብስ ከበደኝ። አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ክፍልዎ ባዶ ሲሆን የሥራ ጠረጴዛዬን እዚያ ባደርገው ብዬ አስቤያለሁ። አስቤ ብቻ አልቀረሁም፣ አድርጌዋለሁ።

መኖሪያው ክፉ ቦታ አልነበረም። መስኮት ነበረዎ፣ ተንከባካቢዎቹም ትሑት ነበሩ። ነገር ግን ሰው ራሱን ማመን ሲያቆም እንዴት እንደሚያንስ እዚያ አየሁ። የሚያውቁትን ሁሉ ሰው መጠየቅ ጀመሩ። «ዛሬ እሑድ ነው አይደል?» ይሉናል፣ እሑድ መሆኑን እያወቁ። «ሁለት ስኳር ነው የምጠጣው አይደል?» ይሏታል ልጅዎን። አንድ እሑድ ሦስተኛውን ክፍል ይዤልዎ መጣሁ፤ ባልደረባዬ መልሶልኝ ነበር።

«አይቼው የለም እንዴ?» አሉኝ።

«ደግመን እንየው ብዬ ነው።»

«ደግሜ አይቼ ደግሜ ልረሳው? ተወኝ እባክህ ጥርሶ።»

አንዲት «አላዩትም» የምትል ቃል ትበቃ ነበር። ፊልሙን ኪሴ ከትቼ ተመለስኩ። በስምንተኛው ወር ሳምባዎን አመመዎ፤ በአራተኛው ቀን አረፉ።

ልጅዎ ዕቃዎን ስትለይ ደብተርዎን አገኘችው። የአንደኛው ክፍል ታሪክ አራት ገጽ፣ የሁለተኛው አምስት ገጽ፣ በዚያ በመዝገብ ቤት ጽሕፈትዎ ሰፍሯል። «ሦስተኛ ክፍል» በሚለው ሥር ግን እንዲህ ብቻ ይላል፦ «ሽማግሌው ሞቷል። አላስታውስም። አለቀሱ ይለኛል።»

ደብተሩን ከፍታ እንደያዘች ሥራ ጠረጴዛዬ ድረስ መጣች። «ሁለተኛው ላይ በሕይወት ነው ብላ ጽፋለች። ቀኑም እዚህ አለ፤ በዚያው ሰሞን የጻፈችው ነው። ታዲያ የቱ ነው ልክ?» አለችኝ።

«የእሳቸው ነው ልክ» አልኳት። ሁሉንም ነገርኳት።

አልጮኸችም፣ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ደብተሩን ዘግታ «እኔ ነኝ እጇን ይዤ እዚያ ያስገባኋት» አለች። በሩ ጋ ደርሳ «ለእኔ አትንገረኝ። ለእሷ ንገራት» ብላኝ ወጣች። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለዚህ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉኝ ይሆናል፤ ልክ ነዎት።

ባለፉት ሁለት ቅዳሜዎች ልጅዎ ከሥራ ፈቃድ ወስዳ ሦስተኛውንና አራተኛውን ክፍል በተራቸው አየናቸው፤ እሷ በእርስዎ ወንበር፣ እኔ ራቅ ብዬ። ይመዝግቡልኝ እማማ፦ ሽማግሌው በሦስተኛው ክፍል ደኅና ነው፣ እንዲያውም ይቀልዳል። የሚሞተው በአራተኛው ነው። አንካሳዋ ዕንቁላል ልትጥል ስታምጥ አጠገቧ ተቀምጦ ሲያናግራት ልቡ ቀጥ ይላል። እሷም አሽትታው፣ እስኪነጋ አጠገቡ ትተኛለች። እርስዎ ይህን አላዩም። ስላላዩም አላለቀሱም። ያልሆነውን ነው አላስታውስም ያሉት።

በቀብርዎ ዕለት ሰው ሁሉ «ራሳቸውን አያውቁም ነበር፣ ማረፋቸው ይሻላል» ሲል እኔም ራሴን ነቅንቄያለሁ። አሁን እንዲያ ያሉትን በየቤታቸው እየሄድኩ ሐሰት መሆኑን እነግራቸዋለሁ ብዬ ተነሳሁ። ትናንት ከሥራ መልስ መጀመሪያ የሄድኩት አለቃዎ ወደነበሩት የመዝገብ ቤት ኃላፊ ነው። በምርኩዝ መጥተው በራቸውን ከፈቱልኝ። በረንዳቸው ላይ ቆሜ ሳልቆርጥ ሳልቀጥል ነገርኳቸው።

«ታዲያ ታውቀኝ ነበር ነው የምትለኝ?» አሉ።

«ያውቁዎት ነበር ጌታዬ፤ ከነአባትዎ ስም፣ ከነቢሮ ቁጥርዎ።»

ምርኩዛቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «እኔ እኮ ሳልጠይቃት የቀረሁት አታውቀኝም ስላሉኝ ነው። መንገዱ በእግር ሃያ ደቂቃ አይሆንም። አታውቀኝም፣ ሄጄ ምን አደርጋለሁ ብዬ... ስምንት ወር።» ከዚያ ዓይን ዓይኔን እያዩ ጠየቁኝ፦ «ከመሥሪያ ቤት ሰው መጥቷል ወይ ብላ ጠይቃ ታውቃለች?»

እማማ፣ «የለም» የምትለዋ ቃል አፌ ላይ ደርሳ ነበር። ሽማግሌ ናቸው፣ እንዳይከፋቸው ብዬ።

«በየእሑዱ ይጠይቁ ነበር» አልኳቸው።

ግባም ውጣም ሳይሉኝ በሩን ቀስ ብለው ዘጉት። እኔም ደረጃውን ወረድኩ።

ይቅር ይበሉኝ ለማለት ገና አልደፈርኩም። ነገ ታናሽ እህትዎ ዘንድ እሄዳለሁ፣ ከነገ ወዲያ ጎረቤትዎ ከነበሩት መምህርት ዘንድ። ሁሉንም ስጨርስ መቃብርዎ ላይ መጥቼ በቃሌ እነግርዎታለሁ።

አማችዎ